ገደል አፍ ላይ ፓኖራማ ማንሳት፦ ለጀማሪ ደረጃ በደረጃ

«ፎቶዎቹ ለየብቻቸው ጥሩ ናቸው፤ ስገጣጥማቸው ግን ሰማዩ ላይ ቀጥ ያለ ጥላ ይወጣል፣ የተራራውም ጫፍ ይሰበራል። የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» ፓኖራማ፣ ማለትም ጎን ለጎን የተነሱ ፎቶዎችን ገጣጥሞ አንድ ሰፊ ምስል ማድረግ፣ የጀመሩ ሰዎች ይህን ደጋግመው ይጠይቁናል። ችግሩ ከሶፍትዌሩ አይደለም። ሶፍትዌር ፎቶዎችን በደንብ የሚያገጣጥመው ከአንዱ ፎቶ ወደ ሌላው የካሜራው አቅጣጫ ብቻ ሲለወጥ ነው። ብርሃኑ፣ ቀለሙ፣ ፎከሱ ወይም ሌንሱ የቆመበት ነጥብ አብሮ ከተለወጠ ፓኖራማው ገና ሜዳ ላይ ሳለ ተበላሽቷል። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ከአቅጣጫ በቀር ሌላ ነገር እንዳይለወጥ ለማድረግ ናቸው።

ለምሳሌ የወሰድነው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ነው። ከሳንቃበር በግጭና በእሜት ጎጎ አድርጎ እስከ ጨነቅ የሚዘልቀው የገደል ጠርዝ ለፓኖራማ የተሠራ ይመስላል። ለልምምድ እዚያ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ በደብረ ሊባኖስ አካባቢ ያለው ገደልም ሆነ ከእንጦጦ ቁልቁል የሚታየው አዲስ አበባ በዚሁ አሠራር ይነሳል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- በማንዋል (የ«ኤም» ምርጫ) የሚሠራ ካሜራ። ፎቶውን በሮው (ካሜራው ያልነካካው ጥሬ ፋይል) ማስቀመጥ ከቻለ በጣም ይሻላል።
- ሌንስ፦ ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ፣ ማለትም ምስሉን የሚቀበለው ክፍል፣ ትልቅ የሆነ) ካሜራ ከሆነ 50 ሚሊ ሜትር፣ ሴንሰሩ አነስ ያለ (ኤፒኤስ-ሲ) ከሆነ 35 ሚሊ ሜትር። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18–55 ሌንስ ይበቃል፤ 35 ላይ አድርጋችሁ የዙም ቀለበቱን በፕላስተር አጣብቁት። መሃል ላይ ሳታውቁት ከዞረ ፎቶዎቹ በመጠን አይመሳሰሉም።
- ትራይፖድ፤ ቢቻል መዞሪያው ላይ የዲግሪ ምልክት ያለው።
- ትንሽ ውሃ ልክ።
- 1.5 ሜትር ክርና ጫፉ ላይ የሚታሰር ጠጠር (ትራይፖድ ለሌላችሁ)።
- ትርፍ ባትሪ፣ ባዶ ሜሞሪ ካርድ፣ የሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ።

ፖላራይዘር ፊልተር (ነጸብራቅ የሚቀንስ መስታወት) ሌንሱ ላይ ካለ ፍቱትና ቦርሳ ውስጥ ክተቱት። ፖላራይዘር ሰማዩን አብልጦ የሚያጠቁረው ከፀሐይ 90 ዲግሪ ርቆ ባለው ክፍል ነው። በአንድ ጠባብ ፎቶ ላይ ይህ ያምራል፤ በሰፊ ፓኖራማ ላይ ግን ሰማዩ መሃል ጥቁር ሰማያዊ እድፍ ይተዋል፣ እሱንም በኋላ ማስለቀቅ ከባድ ነው።

«ሰፊ ቦታ ስለሆነ ሰፊ ሌንስ ይሻላል» ብላችሁ 18 ሚሊ ሜትር አትጠቀሙ። ሩቅ ያሉት ተራሮች ያንሳሉ፣ የየፎቶው ዳር ይለጠጣል፣ ማዕዘኖቹም ስለሚጠቁሩ መጋጠሚያው ይታያል። ስፋቱን የምታገኙት ከፎቶዎቹ ብዛት ነው።

ደረጃ 1፦ ወቅትና ሰዓት ምረጡ

ሰሜን ተራሮች ላይ አየሩ በጣም የሚጠራው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው። በጋው እየገፋ ሲሄድ አቧራ ያዘለ አየር የሩቁን ተራራ ያደበዝዘዋል።

ገደሉ በአብዛኛው ፊቱን ወደ ሰሜን የሰጠ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምትሄድ እኩለ ቀን ላይ ግድግዳው ጥላ ውስጥ ይገባል፣ ሸለቆው ግን ነጭ ሆኖ ያበራል። በእንዲህ ያለ ሰዓት ጥሩ ፎቶ አይወጣም። ፀሐይ ከወጣች ከግማሽ ሰዓት በኋላ ባሉት ሁለት ሰዓታት ወደ ምሥራቅ የዞሩት የገደሉ ጎኖች ይበራሉ፤ ልትጠልቅ ሁለት ሰዓት ሲቀራት ደግሞ ወደ ምዕራብ የዞሩት። ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ የምትወጣው ከምሥራቅ 24 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ገባ ብላ ስለሆነ፣ ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ ወደ ሰሜን 180 ዲግሪ ስታነሱ ፍሬሙ ውስጥ አትገባም። ጀርባችሁ ላይ ስለምትሆን ግን የራሳችሁና የትራይፖዱ ረጅም ጥላ ፎቶው ግርጌ ላይ እንዳይወድቅ ተመልከቱ።

ደረጃ 2፦ ትራይፖዱን ትከሉ፣ እግሮቹን በውሃ ልክ አስተካክሉ

ውሃ ልኩን የምታስቀምጡት ካሜራው ላይ አይደለም፤ ካሜራውን ከሚይዘው የትራይፖዱ ጭንቅላት በታች፣ ሦስቱ እግሮች የሚገናኙበት ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ነው። የሚዞረው ዘንግ ራሱ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ካሜራውን ብቻ ብታስተካክሉ የመጀመሪያው ፎቶ ቀጥ ይላል፣ ስትዞሩ ግን አድማሱ እየወረደ ወይም እየወጣ ይሄዳል። ዘንጉ 3 ዲግሪ ብቻ ካዘነበለ 90 ዲግሪ በዞራችሁ ጊዜ አድማሱ 450 ፒክስል ያህል ይንሸራተታል (በ24 ሜጋፒክስል ካሜራና በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ)። ይህን ስትቆርጡ ሰማዩም መሬቱም ያንሳል።

ተዳፋት ላይ አንዱ እግር ወደ ቁልቁለቱ ይሁን። የመሃሉን ምሰሶ ወደ ላይ አትሳቡ፣ የገደል ንፋስ ያንቀጠቅጠዋል። ቦርሳችሁን ከምሰሶው ሥር አንጠልጥሉ፤ እየተወዛወዘ ካስቸገረ መሬት አስነኩት።

ደረጃ 3፦ ካሜራውን በቁሙ አስሩ

አግድም ሳይሆን በቁም። በአግድም ከተነሳ ውጤቱ ቀጭን መቀነት ይሆናል፤ በቁም ሲሆን ግን ከላይና ከታች ለመቁረጥ የሚበቃ ቦታ ይተርፋል። አድማሱን መሃል አካባቢ አድርጉና በፎቶው ከላይም ከታችም 15 በመቶ የሚሆን ትርፍ ቦታ ተዉ።

እያንዳንዱ ፎቶ ቢያንስ ሲሶው መሬት ይሁን። ሶፍትዌሩ ሁለት ፎቶዎችን የሚያዛምደው ድንጋይ፣ ዛፍ፣ የተራራ ጫፍ የመሳሰሉ ምልክቶችን እየፈለገ ነው። ባዶ ሰማይ ወይም ጭጋግ ላይ የሚይዘው ነገር አያገኝም።

ደረጃ 4፦ ብርሃኑን ቆልፉ

ካሜራውን «ኤም» ላይ አድርጉ። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 8። ኤፍ 8 የተመረጠው በሁለት ምክንያት ነው፦ ጥራቱ ለብዙ ሌንሶች እዚያ አካባቢ የተሻለ ነው፣ ደግሞም በኤፍ 2.8 የሚታየው የማዕዘን መጥቆር በአብዛኛው ይጠፋል። ሰማዩ ላይ የሚወጣው ቀጥ ያለ ጥላ አንዱ መነሻው ይኸው የማዕዘን መጥቆር ነው።

የቀረው ሹተር ስፒድ (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) ነው። ካሜራውን ከዙሩ ሁሉ በጣም ወደሚበራው ቦታ አዙሩ (ጠዋት ከሆነ ብዙውን ጊዜ ምሥራቅ ጫፍ ያለው ሰማይ ነው)። አንድ ፎቶ አንሱና ሂስቶግራሙን (ከጥቁር በግራ እስከ ነጭ በቀኝ የብርሃኑን ክፍፍል የሚያሳየውን ግራፍ) እዩ። ክምሩ የቀኙን ግድግዳ ከነካ ከ1/250 ወደ 1/500 ውረዱ፤ ጥቂት ክፍተት እስኪታይ ቀጥሉ። ሙሉ ፀሐይ ሲሆን 1/250 እስከ 1/500 መካከል ያርፋል።

ከዚህ በኋላ አትንኩት። ወደ ጥላው በኩል ስትዞሩ ፎቶው ጨለም ብሎ ይታያል፣ እጃችሁም መስተካከያው ላይ መሄድ ይፈልጋል። ተዉት። ሮው ፋይል የጠቆረውን ቦታ በኋላ ያበራዋል፤ ነጭ ሆኖ የጠፋ ደመና ግን ተመልሶ አይገኝም። ካሜራው ብርሃንን በራሱ የሚያስተካክልበት ምርጫ ካለውም አጥፉት፤ ጄፔግ ፎቶዎችን እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ስለሚለውጣቸው መቆለፋችሁን ከንቱ ያደርገዋል።

ደረጃ 5፦ ቀለሙንና ፎከሱን ቆልፉ

ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛኑን) ከአውቶ አውጥታችሁ የፀሐይ ምልክት ላይ አድርጉት። አውቶ ላይ ከተዋችሁት አረንጓዴ ሲበዛ አንድ ቀለም፣ ድንጋይ ሲበዛ ሌላ ቀለም ይመርጣል።

ፎከሱን፣ 50 ሚሊ ሜትር በኤፍ 8 ሲሆን፣ 10 ሜትር ገደማ ላይ ያለ ነገር ላይ አድርጉ። በዚህ ጊዜ ከ5 ሜትር ጀምሮ እስከ ሩቁ ተራራ ድረስ ይጠራል። በትንሹ ሴንሰር 35 ሚሊ ሜትር ከሆነ 8 ሜትር ይበቃል። ከዚያ የሌንሱን ቁልፍ ወደ ማንዋል ፎከስ አዙሩ። የሌንሱን ማረጋጊያም አጥፉ፤ ትራይፖድ ላይ ሲሠራ ፍሬሙን ትንሽ ትንሽ ያንሸራትተዋል።

ደረጃ 6፦ ስንት ፎቶ እንደሚያስፈልግ አስሉ

50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ፉል ፍሬም ላይ፣ ካሜራው በቁሙ ሲሆን፣ ወደ ጎን 27 ዲግሪ ያያል። 35 ሚሊ ሜትር በትንሹ ሴንሰር 25 ዲግሪ አካባቢ። በሁለቱም በየፎቶው 15 ዲግሪ ብትዞሩ ፎቶዎቹ ከ40 በመቶ በላይ ወይም ወደዚያ የተጠጋ መደራረብ ይኖራቸዋል፣ ይህም ለመገጣጠም በቂ ነው። ለ180 ዲግሪ 12 ፎቶ ማለት ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ግን 120 ዲግሪ፣ 8 ፎቶ፣ ብትጀምሩ እንመክራለን፤ የብርሃን ልዩነቱ ያነሰ፣ ስህተቱም ለመለየት የቀለለ ነው።

ትራይፖዳችሁ የዲግሪ ምልክት ከሌለው በስክሪኑ ላይ ፍሬሙ ቀኝ ዳር ላይ ያለ አንድ ቋጥኝ ወይም ዛፍ ያዙና ያ ምልክት ፍሬሙ መሃል እስኪደርስ ዙሩ። ይህ 50 በመቶ መደራረብ ይሰጣል። ከ30 በመቶ በታች አትውረዱ።

ደረጃ 7፦ ያለ ማንሳት አንድ ጊዜ ዙሩ

ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ ካሜራውን አዙሩ። አድማሱ ከፍ ዝቅ አለ? ትራይፖዱ ጠበቅ ብሎ ይዞራል? አንዱ ጫፍ ላይ የተራራ ራስ ተቆርጧል? አሁን ማስተካከል ግማሽ ደቂቃ ነው።

ደረጃ 8፦ አንሱ

1. እጃችሁን ሌንሱ ፊት አድርጋችሁ አንድ ፎቶ አንሱ። ቤት ስትገቡ ዙሩ የት እንደጀመረ በዚህ ትለያላችሁ፤ ብዙ ዙር ካነሳችሁ ያለዚህ ይደባለቃል።
2. ከምትፈልጉት ጠርዝ አንድ ፎቶ ቀደም ብላችሁ ጀምሩ። የዳር ፎቶ በቆረጣ ጊዜ ሁልጊዜ ይጠፋል።
3. ከግራ ወደ ቀኝ፣ በ2 ሰከንድ ታይመር ወይም በሪሞት፣ ካሜራውን ሳትነኩ አንሱ።
4. ዙሩን በሙሉ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጨርሱ። ደመና ይሄዳል፣ ጠዋት ላይ ብርሃኑም ቶሎ ቶሎ ይለወጣል።
5. ከመጨረሻው ፎቶ በኋላም እጃችሁን ሌንሱ ፊት አድርጋችሁ አንድ ፎቶ አንሱ።
6. ዙሩን ቢያንስ ሁለት ጊዜ ድገሙት።

ጭላዳ መንጋ ሜዳው ላይ ከተሰማራ በሁለት ፎቶ መጋጠሚያ ላይ ያለው እንስሳ ሁለት ጊዜ ይወጣል ወይም ግማሽ አካሉ ይጎድላል። መንጋው ያለበትን ፎቶ ሁለት ሦስት ጊዜ ደግማችሁ አንሱ፤ ሁሉም በአንድ ፍሬም ውስጥ ሙሉ ሆነው የታዩበትን ትመርጣላችሁ።

ደረጃ 9፦ ከቦታው ሳትነሱ አረጋግጡ

የመጀመሪያውን፣ የመሃሉንና የመጨረሻውን ፎቶ በሙሉ ማጉላት እዩ። የደበዘዘ ካለ ዙሩን በሙሉ ድገሙ፤ አንዱን ብቻ ደግሞ ማንሳት አይሆንም፣ ብርሃኑ ተለውጧል።

ቅርብ ነገር ሲኖር

አብዛኛው ፓኖራማ የሚሰበረው እዚህ ነውና ቆም ብላችሁ አንብቡት። አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ ጣታችሁን ፊታችሁ አቁሙ፣ ጭንቅላታችሁን ወደ ጎን አንቀሳቅሱ። ጣቱ ከኋላው ባለው ግድግዳ ላይ ሲሄድ ታያላችሁ። ሌንሱም በየፎቶው ወደ ጎን ከሄደ በቅርብ ያለችው ጅብራ (የደጋው ረጅም ተክል) ከኋላዋ ካለው ተራራ አንጻር እንዲሁ ትንሸራተታለች። ሶፍትዌሩ ጅብራዋን ካስተካከለ ተራራው ይሰበራል፣ ተራራውን ካስተካከለ ጅብራዋ ትሰበራለች።

ክንዳችሁን ዘርግታችሁ በወገባችሁ ስትዞሩ ሌንሱ ከሰውነታችሁ መሃል ግማሽ ሜትር ርቆ ክብ ይሠራል። በ15 ዲግሪ 13 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን ሄደ ማለት ነው። በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ፣ 2 ሜትር ላይ ያለች ጅብራ 550 ፒክስል ያህል ትዘላለች፤ 50 ሜትር ላይ ያለ ቋጥኝ 20 ፒክስል፣ 500 ሜትር ላይ ያለ 2 ፒክስል ብቻ። ትራይፖድ ላይ ሌንሱ ከመዞሪያው ዘንግ የሚርቀው 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ 2 ሜትር ላይ ያለው ነገር የሚዘለው 90 ፒክስል፣ 20 ሜትር ላይ ያለው 9 ፒክስል ነው።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ፦ በእጅ ስታነሱ በጣም ቅርቡ ነገር ከ50 ሜትር ይራቅ፤ በትራይፖድ ከ20 ሜትር። ጅብራዋን የግድ ከፊት ማስገባት ከፈለጋችሁ ሁለት መንገድ አለ።

አንደኛው ትራይፖዱና ካሜራው መካከል የሚገባ ተንሸራታች ሐዲድ ነው። አንድ ሜትር ላይ ቀጭን እንጨት ትከሉና ከሩቅ ካለ ምልክት ጋር በአንድ መስመር አድርጉት። ካሜራውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አዙሩ። እንጨቱ ከሩቁ ምልክት ከተለየ ካሜራውን ሐዲዱ ላይ ወደ ኋላ ሳቡት። ስትዞሩ ሁለቱ የማይለያዩበት ቦታ ሲገኝ ሐዲዱ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ለዚያ ሌንስና ለዚያ ዙም ሁልጊዜ እዚያው ነው።

ሁለተኛው ወጪ የለውም። ክሩን ከሌንሱ የፊት ጫፍ ትንሽ ወደ ኋላ ገባ አድርጋችሁ እሰሩና ጠጠሩን እንደ ግንበኛ ቱምቢ አንጠልጥሉ። መሬት ላይ አንድ ድንጋይ ምልክት አድርጉ። ጠጠሩ ከድንጋዩ በላይ እንደሆነ እናንተ በእግራችሁ በካሜራው ዙሪያ ትሄዳላችሁ። የሚዞረው ሰውዬው ነው፣ ሌንሱ እዚያው ይቆያል። ሲጀመር ይከብዳል፤ ሜዳ ላይ ጥቂት ከተለማመዳችሁት እጃችሁ ይለምደዋል። ገደል ጠርዝ ላይ ግን ይህን ዘዴ ፈጽሞ አትሞክሩ።

ማስጠንቀቂያ

- ዓይናችሁ ስክሪኑ ላይ እያለ አንድ እርምጃ እንኳ አትራመዱ። ከጠርዙ ቢያንስ 2 ሜትር ራቁ፤ ጠዋት ሳሩ በውርጭ ያዳልጣል፣ ጠርዙም ከሥሩ የተቦረቦረ ሊሆን ይችላል።
- እሜት ጎጎ ከ3,900 ሜትር በላይ ነው። ብርድ ባትሪን ቶሎ ያዳክማል፤ ትርፉን በውስጥ ኪሳችሁ፣ ከሰውነታችሁ ጋር ያዙት። ከብርድ ወደ ሞቀ ክፍል ስትገቡ ካሜራውን ከቦርሳው ቶሎ አታውጡት፣ ሌንሱ እንፋሎት ይይዛል።
- በክረምት ነጎድጓድ ከተሰማ ትራይፖዱን ትታችሁ ከጉብታው ውረዱ።
- ከእንጦጦ ወደ ከተማው ስታነሱ ካሜራችሁን ወታደራዊ ተቋማትና ቤተ መንግሥት ላይ አታነጣጥሩ።

ደረጃ 10፦ መገጣጠም

ሮው ካነሳችሁ መጀመሪያ አንዱን ፎቶ አስተካክሉ፣ ያንኑ ማስተካከያ ለሁሉም ቅዱ፣ የሌንስ እርማቱንም ክፈቱ። ፎቶ በፎቶ ማስተካከል ቆልፋችሁ የመጣችሁትን መፍታት ነው።

ላይትሩም የተባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ካላችሁ ፎቶዎቹን መርጣችሁ «ፎቶ መርጅ»፣ ከዚያ «ፓኖራማ» በሉ። በነፃ የሚገኘው ሁጊን ነው፤ በዊንዶውስም፣ በማክም፣ በሊኑክስም ይሠራል። ለሱ ፋይሎቹን ቲፍ ወደሚባለው የፎቶ ፋይል ዓይነት ለውጣችሁ ታቀርባላችሁ፦ «ሎድ ኢሜጅስ»፣ «አላይን»፣ «ክሬት ፓኖራማ»፤ በቅደም ተከተል ሦስት ቁልፍ ነው። አድማሱ ከተንጋደደ «ስትሬተን» የሚለው ያቃናዋል።

ሰፊው ምስል ጠፍጣፋ ላይ የሚዘረጋበትን መንገድ (ፕሮጀክሽን) ስትመርጡ ከ100 ዲግሪ ለሚሰፋ «ሲሊንድሪካል» ያዙ። ቀጥታ መስመርን ቀጥ አድርጎ የሚያስቀምጠው «ሬክቲሊኒየር» ሲሰፋ ዳሩን ክፉኛ ይለጥጠዋል።

የ180 ዲግሪው ዙር ሲያልቅ 26,000 በ5,000 ፒክስል አካባቢ ይሆናል፤ በ300 ነጥብ በኢንች ቢታተም 2.2 ሜትር ይረዝማል። ባለ16 ቢት ቲፉ ወደ 800 ሜጋባይት ይደርሳል። ኮምፒውተራችሁ ከተንገዳገደ መጀመሪያ ፎቶዎቹን በግማሽ አሳንሳችሁ ሞክሩ።

ስልክ ብቻ ላላችሁ

ስልኩን በቁሙ ያዙ። የካሜራውን ማያ አንድ ቦታ ላይ ጫን አድርጋችሁ ብርሃኑንና ፎከሱን መቆለፍ የሚቻል ከሆነ ቆልፉ። ስልኩን ራሱን እንደ ምሰሶ ቁጠሩትና እናንተ በዙሪያው ዙሩ፤ ክንድ ዘርግቶ መዞር ከላይ ያየነውን መዝለል ያመጣል። ፍጥነታችሁ አንድ ዓይነት ይሁን፣ ቀስቱም ከመስመሩ አይውጣ። የተሻለ ጥራት ከፈለጋችሁ የፓኖራማ ምርጫውን ተዉና በመደበኛው ካሜራ 50 በመቶ እየደረባችሁ ለየብቻ አንስታችሁ ኮምፒውተር ላይ ገጣጥሙ።

የሚደጋገሙ ስህተቶች

- ሰማዩ ላይ ቀጥ ያለ ጥላ፦ ብርሃኑ አልተቆለፈም ወይም አፐርቸሩ በጣም ተከፍቷል። ደረጃ 4።
- አድማሱ እንደ ማዕበል ይወዛወዛል፦ የትራይፖዱ እግር በውሃ ልክ አልቆመም። ደረጃ 2።
- የቅርቡ ሣርና ጅብራ ተሰብሯል፣ ሩቁ ደህና ነው፦ ሌንሱ ወደ ጎን ሄዷል።
- ሶፍትዌሩ አንዱን ፎቶ «አላገኘሁትም» ብሎ ይጥለዋል፦ መደራረቡ አንሷል ወይም ፎቶው ሙሉ በሙሉ ሰማይና ጭጋግ ነው።
- እንስሳ ወይም ሰው ሁለት ጊዜ ይታያል፦ ሁጊን ላይ በ«ማስክ» ከአንዱ ፎቶ ላይ ሸፍኑት።
- ሁጊን የሌንሱን ሚሊ ሜትር ይጠይቃል፦ ፎቶዎቹ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ አልፈው መጥተው ከካሜራው የተጻፈባቸው መረጃ ተፍቋል። ሁልጊዜ ከካርዱ በቀጥታ ቅዱ።
- ለጓደኛ የተላከው ፓኖራማ ደበዘዘ፦ ቴሌግራም እንደ ፎቶ የተላከን ይጨምቃል። እንደ ፋይል ላኩት።